ጣርማ በርን ወጥቶ ያልወረደ ጥናት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወርድ መኪና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ከኋላው ሲተው፣ ተሳፋሪው ጋቢውን አጣጥፎ መስኮት መክፈት ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ላይ አየሩ ሌላ ነው። ከዚያ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ የሚቀጥለው የይፋት ቆላ የማሾ አገር፣ የሽንኩርት አገር፣ የወባም አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ያቆረው ውሃ መሞቅ ሲጀምር፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህን መንገድ ተመራማሪዎችም ያውቁታል። በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ግቢ ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለይፋት ሩቅ አይደለም። መጠይቅ የያዙ ወጣቶች ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ አጎበር ስንት እንዳለ፣ ማታ ከሥሩ ማን እንደሚተኛ ይጠይቃሉ፤ የጤና ጣቢያ መዝገብ ገልጠው የዓመታቱን የወባ ቁጥር ይቀዳሉ። ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው የተሰበሰበ መረጃ ተተንትኖ በውጭ መጽሔቶች በእንግሊዝኛ ታትሟል። እንግዲህ ቁጥሩ አቀበቱን ወጥቷል። ጣቷን ተወግታ ደም የሰጠችው እናት ዘንድ ግን ውጤቱ ተመልሶ አልወረደም። በዚህ ማንም ሊወቀስ አይችልም፤ የጥናት ጽሑፍ ድሮም የሚጻፈው ለሌላ አጥኚ ነው።

ሐኪሙስ ያነበዋል ወይ? በቀን ብዙ በሽተኛ የሚያይ ሰው ማታ ተቀምጦ ባለ አሥር ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ያውም በሠንጠረዥና በስታትስቲክስ የታጨቀ፣ ያነባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ይህ ችግር የይፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔ የሚፈልግለት ባልኖረ። አሜሪካ፣ ሚቺጋን ያለውም ሐኪም ያው ነው።

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ቀዶ ሐኪም አንድሩ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ2016 ‹አናልስ ኦቭ ሰርጀሪ› ለተባለው የቀዶ ሕክምና መጽሔት አንድ ቀላል ነገር ይዞ መጣ። የአንድን ጥናት ፍሬ ነገር በአንዲት ምስል ላይ ማስፈር። ከላይ ጥያቄው በአንድ መስመር፣ ከሥር ሦስት ያህል ትንንሽ ሥዕሎች፣ በያንዳንዱ ሥር ጎላ ብሎ የተጻፈ አንድ ቁጥር፣ ከግርጌ የአጥኚው ስም፣ የመጽሔቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ። ሥዕላዊ ማጠቃለያ እንበለው። የተሠራውም ለማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ሰው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያልፍ ዓይኑን ያዝ እንዲያደርገው።

ኢብራሂምና ባልደረቦቹ ነገሩ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ራሱን ጥናት አደረጉት። አርባ አራት የመጽሔቱን ጽሑፎች ወስደው እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በርእሱ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከነሥዕሉ ትዊተር ላይ ለጠፉ። በ2017 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ ሥዕል ሲኖረው ልጥፉ ሰዎች ስልክ ላይ የመታየቱ ነገር 7.7 እጥፍ ጨመረ፤ ለሌላ የማጋራቱ ነገር 8.4 እጥፍ። ማስፈንጠሪያውን ተጭኖ ጽሑፉ ዘንድ የደረሰው ግን የጨመረው 2.7 እጥፍ ነው።

መጽሔቶቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች አይተው ተደሰቱ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶች ሥዕል ሠሪ ሆኑ። አጣዬ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ግን ቁም ነገሩ ሦስተኛው ቁጥር ጋ ነው። ያየው ብዙ፣ ያጋራው ብዙ፣ የከፈተው ጥቂት። እንግዲህ ለአብዛኛው ሰው ጥናቱ ማለት ያቺ ምስል ናት። ምስሏ ላይ ያልሰፈረው ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። በ2019 ‹ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ሰርጀሪ› ያወጣው ሙከራ ሥዕላዊውን ማጠቃለያ በተራ ቋንቋ ከተጻፈ ማጠቃለያ ጋር አወዳደረ። ሥዕሉ የባለሙያዎችን ዓይን ሳበ። በተራ ቋንቋ የተጻፈው፣ ማለትም ለሕዝቡ ታስቦ የተዘጋጀው፣ ሕዝቡን እምብዛም አልሳበም። ሐኪም ለሐኪም ተቀባበለው፤ ከመንደሩ አልወጣም።

የአማራ ክልል ለዚህ ዓይነቱ ሥዕል የሚመች ጥናት አላጣም። አንዱን እዚህ በቃላት ብንሥለው ይሻላል።

ትራኮማ ዓይንን ደጋግሞ ሲያጠቃ የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። የታመመች ሴት ዓይኗን በጨፈነችና በገለጠች ቁጥር ፀጉሩ ብሌኗን ይፍቀዋል። ገጠር ውስጥ ስንት እናት ወረንጦ በመቀነቷ ቋጥራ፣ ጎረቤት ‹እስቲ ንቀይልኝ› እያለች እንደኖረች ቤቱ ይቁጠረው። መፍትሔው ቆቡን በቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ማዞር ሲሆን፣ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉት። አንደኛው ቆቡን ከቆዳው እስከ ውስጡ ዘልቆ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ብቻ ቆርጦ ቆዳውን ይተወዋል። የትኛው ይሻላል? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በአማራ ክልል 1,000 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላው አሳከሙ፤ ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በ2016 ‹ላንሴት ግሎባል ኸልዝ› ላይ ሲያትሙት፣ ዘልቆ ከተቆረጠላቸው መካከል ከመቶ 22ቱ ፀጉሩ ተመልሶ ገብቶባቸዋል፤ ከውስጥ ብቻ ከተቆረጠላቸው ከመቶ 13ቱ።

ይህ ሥዕል ይወጣዋል። ግራ አንድ ዓይን፣ ቀኝ አንድ ዓይን፣ በያንዳንዱ ሥር መቶ ትንንሽ ሰዎች ተደርድረው ግራ 22ቱ፣ ቀኝ 13ቱ ቀልተው። የቆብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነርስ ለአፍታ ቢያየው ነገሩ ይገባዋል።

ሠዓሊው ግን ከመቶዎቹ ሰዎች ፈንታ አንድ ትልቅ ቀስት ወደ ታች ሥሎ ‹በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ› ቢል አልዋሸም፤ ከ22 ወደ 13 መውረድ ሲሰላ እዚያው ነው። ‹ከመቶ ሰው ዘጠኙን አተረፈ› ቢልም አልዋሸም። ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ጥናት ተሸክመው ለተመልካቹ ልብ የሚሰጡት ጣዕም ግን የማርና የውሃ ያህል ይራራቃል። መቶዎቹን ሰዎች መሣል አድካሚ ነው፤ ቀስቱ ይቀላል፣ ያምራል፣ ይጋራል። የሥዕላዊ ማጠቃለያ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለም ምርጫ ላይ የሚጨቃጨቁት ጊዜያቸውን ያባክናሉ።

ጭራሽ ሥዕል እንቢ የሚል ጥናትም አለ። በዋግ ኽምራ ለሦስት ዓመታት የተካሄደው የውሃና የንጽሕና ሙከራ ለዚህ ይጠቀሳል። አርባ የገጠር ሠፈሮች ለሁለት ተከፈሉ፤ ለግማሾቹ የውሃ ነጥብ፣ ሳሙና፣ ፊት የመታጠብና የመጸዳጃ ቤት ትምህርት ቀረበ። በ2022 እዚያው ‹ላንሴት ግሎባል ኸልዝ› ላይ የወጣው ውጤት፣ በልጆች ዓይን ላይ የተገኘው የትራኮማ ጀርም በሁለቱ ወገን ልዩነት አላሳየም የሚል ነው። ይህን ሣለው ቢሉት ሠዓሊው ምን ይሥላል? የቧንቧ ሥዕል አጠገብ የኤክስ ምልክት ቢያደርግ፣ ቴሌግራም ላይ የተቀበለችው እናት ‹ፊት መታጠብ ለምንም አይረባም ተባለ› ብላ ትሄዳለች። ጥናቱ ያንን አላለም። በሦስት ዓመት፣ በዚያ አገር፣ በዚያ መጠን የቀረበው ሥራ በሽታውን ሲቀንስ አልታየም ነው ያለው። እንዲህ ያለው ጥናት በቃል ቢነገር ይሻለዋል።

ኢትዮጵያውያን ከጤና መረጃ ምስል ጋር በሰፊው የተዋወቁት በኮሮና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ የጊዜው የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ፌስቡክና ትዊተር ላይ የሚያወጧት ካርድ ነበረች፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት አገገመ፣ ስንት ሞተ። ያቺን ካርድ ሰው እንደ ሎተሪ ዕጣ ይጠብቃት ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ‹ዛሬ ይኸው› ሲል ሌላው አንገቱን ያሰግጋል።

ካርዷ ግልጽ ነበረች። ሰው ግን የተያዘውን ቁጥር ብቻ እያየ ደነገጠ ወይም ተጽናና፤ የተመረመረው ቁጥር እዚያው ከአጠገቡ ተጽፎ ሳለ። ትናንት 5,000 ሰው ተመርምሮ ዛሬ 2,000 ቢመረመር የተያዘው በምርመራው ማነስ ብቻ ሊያንስ ይችላል። ይህን ለማየት ሁለቱን ቁጥሮች ማካፈል ያስፈልጋል፤ ሻይ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያካፍል የለም። በዚያው ሰሞን ያንኑ መልክ ይዘው፣ ክብ ክብ ሥዕልና ጎላ ያለ ቁጥር አድርገው፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ኮሮናን ይፈውሳል የሚሉ ምስሎችም ተሰራጩ። የእውነቱም የሐሰቱም ልብስ አንድ ሆነ። ለመለየት የሚረዳው ግርጌው ነው፤ አጥኚው ማን፣ የታተመው የት፣ መቼ፣ በስንት ሰው ላይ። እነዚህ የሌሉበት ምስል የማን እንደሆነ የማይታወቅ ልጅ ነው፤ ቢያምርም እስኪጣራ ደጅ ይቆይ።

አንድ የቆየ እምነት ደግሞ አለ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሥዕል ያነባል የሚል። እውነትነት አለው። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዋን ወንጌል ያደረገችው ለዚህ ነው፤ በክታብ ብራና ላይ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክት የተሣሉትም ሥዕሉ ራሱ መድኃኒት ነው ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሥዕል ያስፈልጋል። ሆኖም ሥዕልም ትምህርት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ አንድ ጥናት ይህን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አሳይቷል። ደሬጎውስኪና ባልደረቦቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሆኑት ለመኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል ሲያቀርቡ፣ ወረቀት አይተው ለማያውቁት ሰዎች ወረቀቱ ራሱ እንዳያደናግራቸው ሥዕሉን ጨርቅ ላይ አትመው ወሰዱት። አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት፤ ግን ባንድ እይታ አልነበረም። ጅራቱን፣ ቀንዱን፣ እግሩን እየነጣጠሉ፣ እየገጣጠሙ ነው የደረሱበት።

በጤና አስተማሪዎች ዘንድ የቆየች ቀልድ አለች፤ ትንኟን አጉልቶ የሣለ ባለሙያ ገበሬዎችን ሰብስቦ ሲያስተምር ዋለና፣ በመጨረሻ አንዱ አዛውንት ተነሥተው ‹እኛ አገር እንዲህ የምታህል የለችም፤ የኛዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አይነኩንም› አሉ ይባላል። ይሁን አይሁን የሚያጣራ የለም፤ የሚያስተምሩ ሰዎች ግን ሲሰሟት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ይፋት ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ አፋሩም ግመሉን እየነዳ ይመጣል። በአማርኛ ግእዝ ፊደል የተማረ ልጅ ሦስቱን ሥዕሎች ከግራ ወደ ቀኝ ያነባቸዋል። ቁርአን ቤት የተማሩት አባቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሊጀምሩት ይችላሉ። ‹ታመመ፣ መድኃኒት ወሰደ፣ ዳነ› የሚለው ሥዕል ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ይህን ጣጣ ባንድ ጊዜ ያስቀራል፤ ወጪም የለውም።

ከላይ ወደ ታች መደርደሩ ለስልኩም ይበጃል። የመጽሔቶቹ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በወርዱ የተዘረጋ ነው፤ ሦስት ዓምድ ጎን ለጎን። ባለ ትንሽ ስክሪን ስልክ ላይ ሲወርድ ቁጥሩ የጉንዳን እግር ያክላል። ቴሌግራም ላይ ተጨምቆ፣ ስክሪንሹት ተነሥቶ፣ ደግሞ ተጨምቆ አምስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ 13 ይሁን 18 አይለይም። ያም ዳታ ሲኖር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። አጣዬ ከዚያ በፊትም፣ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከተማዋ በእሳት ስትወድም አይታለች። እንዲህ ባለ አገር ላይ ‹ኦንላይን ተለጥፏል› ማለት ‹ተነግሯል› ማለት አይደለም።

ታዲያ ለይፋት ሰው ዛሬ ሥዕል የሚገባው ጥናት የትኛው ነው? አንድ አለ፤ የበርሜሉ ጉዳይ።

ለዘመናት ስለ ወባ የተነገረው ትምህርት ‹ያቆረ ውሃ አዳፍኑ፣ ረግረጉን አፋስሱ› የሚል ነው፤ ትክክልም ነው። የኢትዮጵያ የቆየችው የወባ ትንኝ የምትራባው ሜዳ ላይ ባቆረ ውሃ ነውና። ነገር ግን ከእስያ የመጣች አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ቀጥሎም በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በሰመራ እየታየች ከይፋት ቆላ ብዙ በማይርቀው ባቲም ተገኘች። ይህችኛዋ ከተሜ ናት። በርሜል ውስጥ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ውስጥ፣ ግንበኛ ሲሚንቶ ለማቡካት የቋጠረው ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ በጋ ክረምት አትልም። ድሬዳዋ ላይ በ2019 የበጋ ወራት 205 የነበረው የወባ ታማሚ በ2022 በዚያው ወቅት 2,425 ደረሰ። በ2023 ‹ኔቸር ሜዲሲን› ላይ የወጣው ጥናት ከታማሚዎቹ ቤት አካባቢ ይህችን ትንኝና የምትራባበትን የውሃ ዕቃ አግኝቶ ጉዳዩን ከእሷ ጋር አያይዞታል።

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ የዘር ቅንጣት ምርመራ፣ የመድኃኒት መላመድ፣ ካርታ፣ ብዙ ነገር አለበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አጣዬ ላይ ላለች የቤት እመቤት የሚጠቅማት አንድ ነው። በርሜሏን ትክደን። ሥዕሉም ያ ነው፤ ከላይ ክፍት በርሜልና ውስጡ የሚዋኝ ዕጭ፣ ከሥሩ የተከደነ በርሜል። ዕጩ ግን በትክክለኛ መጠኑ ይሣል፤ የአዛውንቱ ነገር እንዳይመጣ። የዘር ቅንጣቱ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ይቆይ፤ ለእሱ ሌላ ሥዕል ይሠራለታል። አንድ ጥናት ሁለት፣ ሦስት ሥዕል ቢወጣው ምን ይጎዳል? መጽሔቶቹ አንድ ሠርተው ለሁሉም ይበቃል ማለታቸው ነው ነገሩን ከሐኪም ስልክ እንዳያልፍ ያደረገው።

ይህን ጉዳይ ቀለል አድርጎ ማየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሞተዋል።

ሥዕሉን ማን ያውርደው ለሚለው መልሱ እምብዛም አይርቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥዕል የበዛበት የቤተሰብ ጤና መመሪያ ይዘው፣ ቡና ሲፈላ ጠብቀው፣ ‹እዚህ ጋ ምን ይታይሻል እስቲ?› ብለው ሲጠይቁ የኖሩት እነሱ ናቸው። ያቺ ጥያቄ ትልቅ ነገር ናት። እናትየዋ ያየችውን በራሷ አፍ ስትናገር ሥዕሉ ገብቷት እንደሆነ እዚያው ይታወቃል፤ ፌስቡክ ላይ አውራ ጣት ቀስሮ ያለፈ ሰው ገብቶት ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። የበርሜሉ ሥዕል በእነሱ ስልክ ላይ ቢገኝ፣ ዳታ ባለ ቀን አውርደው ዳታ በሌለ ቀን ያሳዩታል።

ለሥዕላዊ ማጠቃለያ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ደግሞ ኢንተርኔት የማያውቀው ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወባ ተገኝቶበት ኮአርተም የታዘዘለት ሰው የሚቀበላት ወረቀት ሽፋን አለች። በቻይና ሳይንቲስቶች የጭቁኝ ዝርያ ተክል ምርምር ተጀምሮ፣ በስንት አገር ሕሙማን ላይ ተፈትኖ የተደረሰበት እውቀት ሁሉ እዚያ ላይ በሥዕል ተደርድሯል፤ በሕመምተኛው ክብደት ልክ ቀለሙ ይለያል፤ ለትልቅ ሰው አራት አራት ክኒን በስድስት ረድፍ፣ ሦስት ቀን፣ ጠዋት ማታ። በቃልም መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ሁለተኛው መጠን የሚወሰደው ማታ ተብሎ ሳይሆን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆጥሮ ነው። ደግሞም ሆድ ባዶ ሳይሆን፣ ቢቻል ቅባት ወይም ወተት ካለበት ምግብ ጋር።

ስለዚህ ፋርማሲስቷ ክኒኑን ዝም ብላ አትሰጥም። ሽፋኗን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ታነሣለች፤ ‹አባባ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?› ትላለች። ‹አራት› ይሏታል። የመጀመሪያዎቹን አራት ክኒኖች ትከባቸዋለች፤ ሁለተኛው ረድፍ አጠገብ ‹12› ብላ ትጽፍና ‹ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እራት ቀምሰው› ትላቸዋለች። ከዚያ ሽፋኗን ወደ እሳቸው አዙራ፣ ‹እስቲ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ› ብላ ትጠብቃለች።